ከሐረር እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት፦ በአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር በተሰጠ የእስራት ቅጣት ላይ የሚቀርብ ይግባኝ

(የሕዝብ ገለጻ ጽሑፍ)



በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ትምህርት ወስዳችኋል። ስለ ይግባኝ የተማራችሁት ግን ምናልባት ሁለት ክፍለ ጊዜ ቢሆን ነው። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝን የሚመለከቱት ድንጋጌዎች ከአንቀጽ 181 እስከ 196 ያሉት ናቸው፤ በአንድ ምሽት ተነበው ያልቃሉ። ማረሚያ ቤት ውስጥ ላለ ሰው ግን እነዚህ አሥራ ስድስት አንቀጾች ከቀረው የሕግ መጽሐፍ ሁሉ ይበልጡበታል።

ዛሬ የምናገረው በአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር ጥፋተኛ ተብሎ የእስራት ቅጣት ስለ ተወሰነበት ሰው ይግባኝ ነው። ጉዳዩን ከሐረር አንጻር ማየት የፈለግሁት ያለንበት ከተማ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሐረር በሦስት የዳኝነት ሥልጣኖች መካከል የምትገኝ፣ በአራት ቋንቋዎች የምትናገር፣ በአገራችን ያልተከለከለው ጫት የኑሮ አካል የሆነባት ከተማ ናት። እነዚህ ሦስት ነገሮች እያንዳንዳቸው በይግባኙ ላይ የራሳቸው ጣጣ አላቸው።

አስቀድሜ አንድ የተለመደ መደናገርን ላንሳ። «ይግባኝ» የሚለው ቃል «ገባ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ነገሬ ከዚህ ዳኛ ወደሚቀጥለው ይግባልኝ ማለት ነው። ስለዚህም በሰፊው ሕዝብ ዘንድ ይግባኝ ከአቤቱታና ከምሕረት ልመና ጋር ተቀላቅሎ ይታያል። በብዙ የይግባኝ ማመልከቻዎች ላይም የምናነበው ይህንኑ ነው፤ «ድሀ ነኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ እናቴ ታማለች፣ ክቡር ፍርድ ቤቱ ይዘንልኝ»። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ምሕረት የሚጠየቅበት በር ግን ሌላ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 መሠረት ይቅርታ የማድረግ ሥልጣን የፕሬዚዳንቱ ነው፣ የሚመራውም በራሱ ሕግ ነው። የይግባኝ ሰሚ ዳኛ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የሥር ፍርድ ቤት የተሳሳተው የት ላይ ነው? ይህን ጥያቄ የማይመልስ ማመልከቻ ምንም ያህል ልብ የሚነካ ቢሆን «አያስቀርብም» ተብሎ ይመለሳል።

ወደ ወንጀሉ እንግባ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጉዳዩን በአንቀጽ 525 ይገዛል። ያለ ልዩ ፈቃድ ወይም ከሕግ ውጭ ዕፅን ማምረት፣ ወደ አገር ማስገባት፣ ማስወጣት፣ ማጓጓዝ፣ መቀበል፣ ማከማቸት፣ መሸጥ፣ ማከፋፈል፣ ለሌላ ሰው ማቅረብ፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል። መነሻ ቅጣቱ ከአምስት ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ አንድ መቶ ሺህ ብር የሚደርስ መቀጮ ነው። ድርጊቱ በቡድን ወይም እንደ ሙያ ተይዞ ሲፈጸም ቅጣቱ ከዚያ በላይ ይከብዳል። በአንጻሩ ዕፅ መጠቀምን የሚመለከተው ድንጋጌ ለብቻው የቆመና ቅጣቱም የቀለለ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ያለብን ይመስለኛል። «መቀበል» እና «ማከማቸት» ከ«መሸጥ» ጋር በአንድ ረድፍ መቀመጣቸው፣ ለራሱ መጠቀሚያ የያዘውንና ለገበያ የያዘውን ሰው የሚለየውን መስመር ቀጭን አድርጎታል። በሌሎች አገሮች ሕጎች እንደሚታየው በዚህ ያህል ግራም ላይ «አቅራቢ» ይባላል የሚል ልክም አንቀጹ አላስቀመጠም። ስለዚህ ልዩነቱ የሚወጣው ከማስረጃው ነው፦ ዕፁ በትንንሽ ተጠቅልሎ ነበር ወይስ በአንድ? ሚዛን ተገኝቷል? ገንዘብ ሲቀበል ያየ ምስክር አለ? እነዚህን ጥያቄዎች የሥር ፍርድ ቤት ካልመረመረና በፍርዱ ላይ ምክንያቱን ካልጻፈ፣ ለይግባኝ የመጀመሪያው ቦታ ተከፍቷል ማለት ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 149 ፍርድ የማስረጃውን ፍሬ ነገርና ውሳኔው የተሰጠበትን ምክንያት እንዲይዝ ያዛል።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። የምነግራችሁ ሰው በእውን የለም፤ ለትምህርት ያህል የፈጠርሁት ነው። ከድሬዳዋ ሐረር በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ የሚሠራ የ22 ዓመት ረዳት ነው። አንድ የሚያውቀው ሰው «ይህችን ፌስታል ሐረር አድርስልኝ፣ ሰው መጥቶ ይቀበልሃል» ብሎ መቶ ብር ይሰጠዋል። በፍተሻ ላይ ፌስታሉ ሲከፈት ካናቢስ ይገኝበታል። ልጁ ፍርድ ቤት ቀርቦ ክሱ ሲነበብለት «አዎ፣ ፌስታሉን ይዤ ነበር፤ አድርስ ተብዬ ነው» ይላል። ፍርድ ቤቱ ይህን እንደ እምነት ቃል ቆጥሮ ጥፋተኛ ይለዋል፣ ስድስት ዓመት ጽኑ እስራትም ይወስንበታል።

የመጀመሪያው አደጋ ያለው ልጁ በተናገረው ቃል ውስጥ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 185 ጥፋቱን አምኖ የተፈረደበት ሰው በጥፋተኝነቱ ላይ ይግባኝ ማለት እንደማይችል ይደነግጋል፤ የሚቀርለት ስለ ቅጣቱ መጠንና ሕጋዊነት መከራከር ነው። እንግዲህ በአንዲት «አዎ» የክርክሩ ግማሽ ይዘጋል ማለት ነው። ነገር ግን አንቀጽ 134 እምነት የሚባለው ተከሳሹ የክሱን ፍሬ ነገሮች በሙሉ ያለ አንዳች ማመካኛ ሲያምን እንደሆነ ይናገራል። ልጁ ያመነው ፌስታል መያዙን ነው። በፌስታሉ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ማወቁን አላመነም። ለዚህ ወንጀል ደግሞ ማወቅና መፈለግ፣ ማለትም በአንቀጽ 58 የተመለከተው የሐሳብ ክፍል፣ የወንጀሉ አንዱ ምሰሶ ነው፤ የፍሬ ነገር ስህተትም በአንቀጽ 80 ይታያል። በመሆኑም የይግባኙ አንደኛ ነጥብ «አላመንሁም፤ የተመዘገበው ቃሌ በአንቀጽ 134 መሠረት የእምነት ቃል አይባልም» የሚል ይሆናል። ይህ ነጥብ ተቀባይነት ካገኘ በአንቀጽ 185 የተዘጋው በር ይከፈታል።

ልጁ ቃሉን የሰጠው በየትኛው ቋንቋ ነው? ይህን ጥያቄ በሐረር ላይ ሆኖ አለመጠየቅ አይቻልም። በክልሉ ሕገ መንግሥት መሠረት የሥራ ቋንቋዎቹ ሐረሪና ኦሮምኛ ናቸው፤ በከተማዋ አማርኛና ሶማልኛም በየዕለቱ ይሰማሉ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 ተከሳሹ በማያውቀው ቋንቋ ችሎት ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት መብት ይሰጠዋል። «ይዤ ነበር» እና «ነበረኝ» በአንድ ቋንቋ የተራራቁ፣ በሌላው ደግሞ አንድ ቃል ሊሆኑ ይችላሉ። የችሎቱ መዝገብ የሚይዘው አስተርጓሚው ያለውን ነው። ስለዚህ ጠበቃው አስቀድሞ የሚመረምረው የመዝገቡን የመጀመሪያ ገጾች ቢሆን መልካም ነው።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ፤ እኔ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። አንቀጽ 187 ሁለት ቀጠሮዎችን ያስቀምጣል። ይግባኝ ማለት የሚፈልግ ሰው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ይህንኑ ለፍርድ ቤቱ ማስታወቅ አለበት። የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰው በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኙን ምክንያት የያዘውን ማመልከቻ ያቀርባል። ሁለቱ ሰዓቶች የሚነሡት ከተለያየ ቦታ መሆኑን ልብ በሉ። የመጀመሪያው ግልባጭን አይጠብቅም። «የውሳኔውን ግልባጭ ሳናገኝ ምን ብለን ይግባኝ እንላለን?» ብለው የሚቀመጡ ቤተሰቦች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ በ15ቱ ቀን ውስጥ የሚፈለገው ክርክር አይደለም፣ «ይግባኝ እላለሁ» የሚል አጭር ማስታወቂያ ነው። እስረኛው ራሱ በማረሚያ ቤቱ ኃላፊ በኩል ሊያቀርበው ይችላል።

የምሳሌያችንን ልጅ እናት አስቡ። ጁገል ውስጥ የምትኖር፣ ፈረስ መጋላ ላይ ጉልት የምትሸጥ ሴት ናት እንበል። ልጇ የተፈረደበት ሰኞ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት በድንጋጤና ማረሚያ ቤት በመመላለስ ያልቃል። በሁለተኛው ሳምንት ዘመድ ይሰበሰባል፣ የአፎቻና የዕድር ሰዎች ለጠበቃ ምን ያህል ሊዋጣ እንደሚችል ይማከራሉ። ጠበቃ ተገኝቶ ወረቀቱን ሲያነብ አሥራ ስምንተኛው ቀን ሆኗል። እርግጥ አንቀጽ 191 ጊዜው ያለፈበት ይግባኝ በፈቃድ የሚቀርብበትን መንገድ ያበጃል፤ ነገር ግን አመልካቹ መዘግየቱ በራሱ ጥፋት አለመሆኑን ማስረዳት አለበት። «ሕጉን አላወቅንም» የሚለው በዚህ ቦታ ብዙ አያራምድም። በመንግሥት የተመደበ ተከላካይ ጠበቃ በችሎት የነበረ እንደሆነ፣ ፍርዱ በተነበበበት ዕለት ከአዳራሹ ሳይወጣ ደንበኛውን «ይግባኝ ትላለህ?» ብሎ ቢጠይቅና ማስታወቂያውን ቢያስገባ የዚህን ሁሉ ድካም ያድናል። የተከላካይ ጠበቃው ሥራ በቅጣት ውሳኔው ቀን ያበቃል የሚለው ልማድ በእኔ አስተያየት ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መንፈስ ጋር አይሄድም፤ አንቀጹ በጠበቃ መወከልንና ይግባኝን ተከታትለው በንዑስ አንቀጽ 5 እና 6 ያስቀመጣቸው በከንቱ አይመስለኝም።

ማመልከቻው የሚሄደው ወዴት ነው? ይህ ጥያቄ ለአዲስ አበባ ተማሪ ቀላል፣ ለሐረር ተማሪ ግን አስቸጋሪ ነው። የአደገኛ ዕፅ ዝውውር በ1988 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25 ከፌዴራል ጉዳዮች መካከል ተቆጥሮ ነበር። በሐረሪ ክልል ደግሞ የፌዴራሉን የዳኝነት ሥልጣን በውክልና የሚሠሩበት የክልሉ ፍርድ ቤቶች ናቸው። በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 322 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአምስት ክልሎች እንዲቋቋም ሲደረግ፣ የተመረጡት አፋር፣ ሶማሌ፣ ቤንሻንጉል ጉሙዝ፣ ጋምቤላና ደቡብ ነበሩ፤ ሐረሪ አልተካተተችም። ስለዚህ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መርሕ ይሠራል፦ የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ቦታ ሆኖ የወሰነው ይግባኙ ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቦታ ሆኖ የወሰነው ግን ይግባኙ በቀጥታ ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። በሕንፃው ላይ የተጻፈውን ስም ብቻ አይቶ «ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወስኖብኛል፣ ከዚህ በላይ ማን አለ?» ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው መኖሩ አያስደንቅም። ፍርዱ በየትኛው ሥልጣን እንደተሰጠ የመዝገቡ መግቢያ ይናገራል፤ እሱን ማንበብ ነው።

ከድሬዳዋ ሐረር ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጁ የተያዘው ድሬዳዋ ውስጥ ቢሆን ጉዳዩን የሚያየው በዚያ የሚያስችለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ደንገጎ ወይም ሐረማያ ወይም አወዳይ ላይ ቢሆን ኦሮሚያ ነው። የሐረርን ወሰን ካለፈ በኋላ ቢሆን ደግሞ የሐረሪ ፍርድ ቤት። ያው ሚኒባስ፣ ያው ፌስታል፣ ያው አንቀጽ 525፤ የይግባኙ መንገድ ግን ሦስት ዓይነት። ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚሄድ ከሆነ ከሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በኦሮምኛ ወይም በሐረሪ የተያዘ መዝገብ ከሆነም አብሮት የሚጓዝ የአማርኛ ትርጉም ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው እስራቱ እየተቆጠረ ነው፤ ይግባኝ ማቅረብ በራሱ ቅጣቱን አያግድምና።

ስለ ቅጣቱ ይግባኝ የምለው ሰፋ ያለ ነው፤ ምክንያቱም በእነዚህ ጉዳዮች ብዙውን ጊዜ የሚያዋጣው ክርክር እሱ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 88 በሰጠው ሥልጣን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አውጥቷል፤ መጀመሪያ በ2002 ዓ.ም.፣ ተሻሽሎም በ2006 ዓ.ም.። በመመሪያው አሠራር ዳኛው የወንጀሉን ደረጃ ይለያል፣ ከዚያ መነሻ የቅጣት እርከን ይይዛል፣ ማክበጃ ካለ ወደ ላይ ይወጣል፣ ማቅለያ ካለ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ቅጣት ዛሬ እንደ ድሮው በዳኛው ኅሊና ውስጥ ብቻ የሚቀመር አይደለም፤ እንደ ሒሳብ በመስመር በመስመር ሊመረመር ይችላል። ይግባኝ ባይም እያንዳንዱን መስመር እየጠቀሰ «እዚህ ላይ ተሳስቷል» ማለት ይችላል።

የሚታዩት ስህተቶች ምን ዓይነት ናቸው? አንዱ ማቅለያዎችን መዝለል ነው። አንቀጽ 82 የቀድሞ መልካም ጠባይን፣ በሌላ ሰው ተጽዕኖ ወይም በችግር መገፋትን፣ ከልብ መጸጸትን ይቆጥራል። የምሳሌያችን ልጅ ከዚህ በፊት ያልተከሰሰ ከሆነና ዐቃቤ ሕግም ሪከርድ ካላቀረበበት፣ ይህ ነጥብ በፍርዱ ላይ መታየት አለበት። «ችግር» የሚለውም እዚህ ቦታ አለው፤ ቅድም ከምሕረት ጋር ለይተን ያስቀመጥነው ድህነት፣ በትክክለኛው አንቀጽ ሥር በማስረጃ ሲቀርብ የሕግ ክርክር ይሆናል። ሌላው ስህተት አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። ሕጉ በልዩ ክፍሉ የወንጀሉ ማቋቋሚያ ወይም ማክበጃ አድርጎ የወሰደውን ሁኔታ በአንቀጽ 84 እንደገና ማክበጃ ማድረግን አይፈቅድም። በቡድን መፈጸሙ ከባዱን ድንጋጌ ለመጥቀስ ካገለገለ በኋላ እንደገና «ከሌሎች ጋር በመሆን» ተብሎ እርከን ሊጨምር አይገባም። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ በምርመራና በቀጠሮ ጊዜ በእስር የቆየበት ከቅጣቱ ይታሰብለታል። ስምንት ወር በማረፊያ ቤት ለቆየ ሰው ስምንት ወር ናት፤ አትናቅም።

በዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ለጠበቆች አለ። አንቀጽ 195 ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ቅጣትን የማጽናት፣ የመቀነስ፣ እንዲሁም የማክበድ ሥልጣን ይሰጣል። በእንግሊዝ በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው የወንጀል ይግባኝ ሕግ ይህን ይከለክላል፤ ተከሳሹ ይግባኝ በማለቱ ከሥር ፍርድ ቤቱ የከበደ ቅጣት አይጠብቀውም። እዚያ የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ ፍሬ ቢስ ይግባኝ ባቀረበ ሰው ላይ ፍርድ ቤቱ በመካከል የታሰረበት ጊዜ እንዳይቆጠርለት ማዘዝ ይችላል። የትኛው ይሻላል የሚለውን ለውይይት እተወዋለሁ፤ የእኔ ዝንባሌ ግን ዐቃቤ ሕግ በራሱ ይግባኝ ባላለበት ጉዳይ ቅጣትን ማክበድ ይግባኝ የማለትን ሕገ መንግሥታዊ መብት ያስፈራራል ወደሚለው ነው።

እንግሊዝን ካነሣን ጫትን ሳናነሣ አናልፍም። ካናቢስን በተመለከተ «ቅጠል አይደለም ወይ? ጫትም ቅጠል ነው» የሚል ክርክር ከተከሳሾች ቤተሰብ ሲነሣ እንሰማለን። ለፍርድ ቤት ይህ ክርክር አይሆንም። ጫት በአገራችን ያልተከለከለ፣ ግብር የሚከፈልበትና ወደ ውጭ የሚላክ ምርት ነው፤ ካናቢስ ግን ኢትዮጵያ በተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ቁጥጥር ሥር ያለ ነው። ሕግን አለማወቅም በአንቀጽ 81 ከኃላፊነት አያድንም፤ ቢበዛ ቅጣት ሊያስቀንስ ይችላል። ነገሩ የሚገለበጠው ድንበር ሲሻገር ነው። ከአወዳይ ገበያ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ጫት ለንደን ሲደርስ ከሰኔ 17 ቀን 2006 ዓ.ም. ጀምሮ የተከለከለ ዕፅ ነው። በአሜሪካ ደግሞ የጫት ንጥረ ነገር የሆነው ካቲኖን ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሄሮይን ጋር በአንድ የመጀመሪያ ሰንጠረዥ ውስጥ ተመድቧል።

በአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቶች በጫት ምክንያት የተፈረደባቸው የአፍሪካ ቀንድ ተወላጆች ያቀረቧቸው ይግባኞች ለእኛ ትምህርት አላቸው። በሰንጠረዡ ላይ የተጻፈው ካቲኖን እንጂ ጫት ስላልሆነ፣ ክርክሩ የነበረው ተከሳሹ የያዘው ተክል የተከለከለ ንጥረ ነገር እንዳለበት ያውቅ ነበር ወይ በሚለው ላይ ነው። ከዚህም ሌላ ካቲኖን ጫቱ ሲደርቅና ሲቆይ ወደ ካቲን ይለወጣል፤ ካቲን የተመደበው በቀለለ ሰንጠረዥ ነው። ስለዚህ ጫቱ መቼ ተመረመረ፣ እንዴት ተቀመጠ የሚለው የላቦራቶሪ ጥያቄ የዓመታት ልዩነት ያመጣል። እኛም ዘንድ በካናቢስ ጉዳይ የፎረንሲክ ውጤቱ ከመዝገቡ ጋር መያያዙን፣ የተመረመረው ከተከሳሹ የተያዘው መሆኑን፣ ክብደቱ ከማሸጊያው ተለይቶ መመዘኑን መጠየቅ የይግባኝ ነጥብ ነው። አንቀጽ 194 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ምክንያቱን መዝግቦ ተጨማሪ ማስረጃ እንዲቀበል ይፈቅዳል፤ ጠበቆቻችን ይህን ድንጋጌ ሲጠቀሙበት ብዙ አላየሁም።

ይግባኙ ካልተሳካ የሚቀረው ሰበር ነው። ሰበር ማስረጃ አይመዝንም፤ የሚመለከተው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ብቻ ነው። በፌዴራል ጉዳይ ላይ ሥልጣኑ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ነው፤ ከ1997 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ጀምሮም ችሎቱ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። «ልጁ አላወቀም» የሚለው የፍሬ ነገር ክርክር በይግባኝ ደረጃ ካልተነሣ በሰበር ቦታ የለውም። «የተመዘገበው ቃል የእምነት ቃል አይደለም» የሚለው ግን የሕግ ጥያቄ በመሆኑ እስከዚያ ድረስ ሊሄድ ይችላል። አንድን ቅሬታ ከመጀመሪያው በየትኛው ቅርጽ እንደምንጽፈው የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው።

ከመጨረሴ በፊት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ አንቀጽ ልጥቀስ። የሚኒባሱ ሾፌርም ከረዳቱ ጋር ተከሶ፣ በአንድ ማስረጃ ተፈርዶበት፣ ገንዘብ አጥቶ ይግባኝ ሳይል ቀርቷል እንበል። ረዳቱ ይግባኝ ብሎ፣ ማስረጃው ሕጋዊ አይደለም ተብሎ ፍርዱ ቢሻርለት፣ አንቀጽ 196 የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የውሳኔውን ጥቅም ይግባኝ ላላለውም ሰው እንዲያደርስ ይፈቅድለታል። ይህ ግን በራሱ የሚሆን አይደለም፤ ፍርድ ቤቱ ማዘዝ አለበት፣ እንዲያዝም አንድ ሰው በማመልከቻው መጨረሻ ላይ መጠየቅ አለበት።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።